የበረዶ ናዳና ይሉኝታ

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 12፣ ሬይኖልድስበርግ

ልጄ ሳሮን ነገ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ኮሎራዶ ትበራለች። ስኪ ሊያደርጉ፣ በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ ነው፤ ያውም ጠባቂም አጥርም በሌለው ተራራ ላይ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስልክ ከሚያክሉት ሁለት መሣሪያዎቿ አንዷን ሰጠችኝና «ጓሮ በረዶው ውስጥ ደብቅልኝ» አለችኝ። የበረዶ ናዳ ሰው ሲቀብር ምልክት እየላከች ያለበትን የምትናገረው ይቺ ናት አሉ። ደበቅኩ። ሳሮን ሌላኛዋን ይዛ እየዞረች ወዲያው አገኘቻት። ስለገረመኝ ሁለቴ ቦታ ቀየርኩባት፤ ሁለቴም አገኘች።

«ታዲያ ሰው ለምን ይሞታል?» አልኳት።

«ዳዲ፣ ፕሮብሌሙ መሣሪያው አይደለም። በረዶው እያስፈራው እንኳን ሁሉም ዝም ይላል። ‹እንመለስ› ብሎ ትሪፑን ማበላሸት የሚፈልግ የለም።»

ይሄማ ይሉኝታ ነው! የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ፈረንጅም በይሉኝታ ይሞታል ለካ።

«አንቺስ ‹እንመለስ› ብለሽ ታውቂያለሽ?»

«እስካሁን ኖ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ «አትሂጂ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነው። ግን ቲኬቱ ተቆርጧል፤ ጓደኞቿም እየጠበቋት ነው። ፈሪ አባት አላት እንዳይሏት ብዬ ስኪዎቹን ራሴ ተሸክሜ መኪናው ላይ ጫንኩላት።