የኮሸሽላው መድኃኒት

ይድረስ ቤይሩት ላለሽው ለእህቴ ለየሺሃረግ፤

እንደምን ከርመሻል የሺዬ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስወጣ ስወርድ ይቆረጥመኛል ያልሽው ጉልበትሽ ተሻለሽ? አሠሪዎችሽስ እሑድ እንኳ ያሳርፉሻል? እኛ አለን። ደኅና ነን እንዳልልሽ ግን አባባ ጉበታቸው ብሶባቸው ተኝተዋል። በስልክ ሁሉን ያልነገርኩሽ እማዬ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ፣ ሐኪሙ ያለኝን እንዳትሰማ ብዬ ነው።

በጎረቤታችን በሰብሪያ ወንድም እጅ የላክሽው ብልቃጥ ለገና ደርሶናል። ከኮሸሽላ ፍሬ የተሠራ የጉበት መድኃኒት ነው ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብላቸው አባባ ሳቁ። ማንኪራ ጫካ ቀፎ ልሰቅል ስሄድ ስንቴ እግሬን የወጋኝ ኮሸሽላ መድኃኒት ሆነና ከባሕር ማዶ መጣ አሉ። ከዚያ ብልቃጡን ሳጥናቸው ውስጥ ቆልፈው የጓሮውን ኮሸሽላ እየቀቀሉ በማር መጠጣት ያዙ። የሐኪሙንም ክኒን ተዉት። ለምን ሲባሉ የልጄ ላብ ነው፣ ለክፉ ቀን ይቀመጥ ይላሉ።

ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ሆዳቸው ውሃ ሲቋጥር ሆስፒታል ወሰድናቸው። ብልቃጡን ከሳጥናቸው አስወጥቼ እንደታሸገ ለሐኪሙ አሳየሁት። የእኛ ኮሸሽላ ሌላ ተክል ነው፣ በስም ብቻ ነው የሚገናኙት አለኝ። የላክሽውም ቢሆን ጉበትን ይደግፋል የሚሉ እንዳሉ፣ ገና በደንብ እንዳልተረጋገጠ፣ የጠጠረ ጉበት ግን እንደማያለሰልስና የሐኪም መድኃኒትን እንደማይተካ ነገረኝ። ከመጀመሪያው ቢውጡትስ ኖሮ ብዬ ጠየቅኩት፤ የጠየቅኩት ላንቺ ብዬ ነው። «እህትህ ያጎደለችው የለም። በሽታው ሥር የሰደደው ብልቃጡ ሳይመጣ ነው» አለኝ። ማታ ማታ ስታለቅሺ ይህን አስቢው።

ለመድኃኒት መግዣ ሌላ ሁለት ዓመት እፈርማለሁ ማለትሽን እማዬ ነግራኛለች። እባክሽ አትፈርሚ። ሐኪሙ ፋሲካን ያልፋሉ ብሎ ተስፋ አልሰጠኝም፣ እኔም ልዋሽሽ አልችልም። እንባዬ ሲመጣ አባባ እንዳያዩኝ ከቤት እየወጣሁ ጓሮ እቆማለሁ።

ትናንት አባባ ብልቃጡን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው አሳዩኝ። «የሺ ጉልበቷን ያማታል ብለህ አንብበህልኝ የለም? ስትመጣ ትውጠው» አሉኝ። ለጉልበት አይሆንም ማለቱን ትቼ ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸው።

እማዬ ዓይንሽን ለማየት ጓጉታለች፣ ትስምሻለች። ታናሻችን ሳሙኤል ናፍቆቱን ልኮልሻል። ሰብሪያም ከነልጆቿ ሰላም ብላለች። አባባም ሰላም ይሉሻል። ብልቃጡን ይዘውልሻል፤ መጥተሽ ከእጃቸው ተቀበያቸው።

ወንድምሽ ወልደሥላሴ
ቦንጋ፣ የካቲት 12 ቀን 2003 ዓ.ም.