እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ የሚደወለው ስልክ

ለእህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ ሳል ዘንድሮስ ማረሽ? ባለቤትሽስ ከዓይኑ ሕክምና በኋላ ጋዜጣውን እንደ ልቡ ማንበብ ቻለ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን የምልሽ ሰላምታ ይህን ቃል ስለሚፈልግ ነው።

ደጋግመሽ እንደደወልሽ አይቻለሁ። ሳላይ ቀርቼ አይደለም ያላነሳሁት። በስልክ ከሆነ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ አንቺ ስታለቅሺ እኔ ማባበል እጀምራለሁ፣ ነገሩም እዚያው ተድበስብሶ ይቀራል። ከልጅነታችን ጀምሮ ልማዳችን ይኸው ነው። ደብዳቤ ግን መሀል ላይ አይቋረጥም። የልጅሽን የኮልቢን ወሬ ሰምተሻል፤ አሁን ደግሞ ቁጭ በይና የእኔን ስሚ።

ውስጡ የሚኖሩበት ቤት መኪና እንግዛ ያልኩት እኔ ነኝ። ኤልደን ዕድሜውን ሙሉ የወተት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤት መዋል አልሆንልህ አለው። ከክፍል ክፍል ይዞራል፣ መሳቢያውን ሁሉ ይከፍታል፣ ምን ፈልጎ እንደከፈተው ሲጠፋው መልሶ ይዘጋል። መንገድ ላይ ስንወጣ ግን፣ እኔ መሪውን ይዤ እሱ አጠገቤ ሲቀመጥ፣ ባሌ መልሶ የድሮው ባሌ ይሆናል። «ይቺን ድልድይ ጎርፍ ወስዷት ነበር፣ እዚያ ጋ ስትታጠፊ የዮደር ቤተሰብ የከብት በረት አለ፣ ውሻቸው ክፉ ነው» እያለ ኢንዲያናን ከዳር እስከ ዳር ይተርክልኛል። እንግዲያው መንገድ ላይ እንኑር አልኩ። የፈለግሁት ትንሽ መኪና ነው። ብቻዬን የምነዳት፣ አልጋዋና ምድጃዋ በአንድ እይታ የሚታይ፣ ኤልደን በጨለማ ቢነሳ የሚሳሳተው በር የሌላት።

ኮልቢ ከሚሠራበት ሌላ መኪና መሸጫ ልሂድ ስል «የገዛ ልጄ እያለ ለባዳ?» ብለሽ የተቆጣሽው አንቺ ነሽ። ሄድኩ። ከመግዛታችን በፊትማ ኮልቢን የመሰለ ዘመድ የት ይገኛል! ጠዋት ይደውላል፣ ማታ ይደውላል። «አክስቴ፣ እንዴት አደርሽልኝ? አክስቴ፣ መጋረጃው ሰማያዊ ይሁንልሽ ወይስ የአፈር መልክ? እኔ እያለሁ ምን አስጨነቀሽ?» ይለኛል። ጥያቄ ስጠይቀው ዓረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ ይመልሳል። ፈርመን ቁልፉን ተቀበልን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኩ ድዳ ሆነ።

የመጀመሪያው ዝናብ ሚሺጋን ሐይቅ ዳር ደረሰብን። ጣሪያው በምድጃው በኩል ሳይሆን በአልጋው በኩል አፈሰሰ። ብርድ ልብሱን ጨምቀን ተመለስንና መኪናዋን ለመሸጫው ጋራዥ አስረከብን። ዋስትና አላት፣ ቶሎ ትጠገናለች ተባልን። ከዚያማ ደወልኩ። ስልክ የምታነሳው ኬንድራ የምትባል ልጅ ናት፤ «መልእክቱን አስተላልፋለሁ፣ እትዬ» ትለኛለች። በማግስቱ እደውላለሁ፤ «አስተላልፌያለሁ፣ እትዬ» ትላለች። የሚመልስልኝ የለም። በጋው አለቀ፣ የበቆሎው ማሳ ታጨደ፣ የእኔ ጣሪያ ግን ወሬ የለውም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ በእንስሳት ሐኪም ቤት ስልክ አነሳለሁ። እሾህ የወጋው ውሻ ያለው ሰው እንኳ ቢደውል ሳይመሽ መልስ ያገኛል። ሐኪሙ ገና ምንም ካላወቀም «ገና አላወቀም» ብዬ ለመንገር እደውላለሁ። ሰው ሌላ ምን ይፈልጋል? አለመረሳቱን ነው። እኔ ለሰው ድመት የማደርገውን የእህቴ ልጅ ለእኔ ነፈገኝ።

አንድ ቀን ታዲያ መረረኝና ኬንድራን «ልጄ፣ መልእክቱን የምትልኪው በእርግብ ነው ወይስ በኤሊ?» አልኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ እኔ እኮ ግራ የሚገባኝ የእርስዎ ነገር ነው። ኮልቢ ሁልጊዜ ወደ ቤታችሁ ይደውላል። ጠዋት ጠዋት። ከባለቤትዎ ጋር ሲሳሳቁ እዚህ ድረስ ይሰማኛል» አለችኝ።

ቤት ገብቼ ኤልደንን «ዛሬ የደወለ ሰው ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። «ኧረ ማንም» አለኝ። ኤልደን በትዳራችን ዘመን ዋሽቶኝ አያውቅም። ያን ቀንም አልዋሸኝም።

ቅዳሜ ይዤው ሄድኩ። ለመኪናው ጉዳይ መሄዳችንን ስነግረው ጺሙን ተላጨ፣ ከረባቱን አሰረ፣ ኮፍያውን ቦረሸ። ግቢው ውስጥ የእኛን ትንሽ መኪና ብፈልግ የለችም። ልጅሽ ሁለት እጁን ዘርግቶ እየሮጠ መጣ። «አክስቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! በድንገት ላስደስትሽ ብዬ ነው እኮ ዝም ያልኩት» አለና ግቢው ዳር ወደቆመች አንዲት አውቶቡስ የምታህል ነገር ወሰደኝ። ስትነዳ እንደ ዘንዶ የምትጎተት፣ ውስጧ በር በበር የሆነች፣ ከእኛዋ ይልቅ በዕድሜ ያረጀች። የእኛዋ የት ናት ብዬ ስጠይቀው ተሸጣለች አለኝ። «አጎቴ ራሱ እኮ ነው የመረጣት! የሚያፈስ ጣሪያ ከሚለጣጠፍ በትልቋ እንለውጣት ብለን ተነጋገርን፣ እሺ አለ። ቁርስ ጋበዝኩት፣ ፓንኬክ በልተን፣ መጥቶ አይቶ፣ ፈርሞ ሄደ።» የዋጋው ልዩነት ደግሞ በየወሩ ከጡረታው ይቆረጣል።

ኤልደን ያቺን አውቶቡስ የሚያያት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሆነ ከፊቱ ታወቀኝ። «ግዙፍ ናት እባክሽ! የማን ናት?» አለኝ።

ጮህኩ፣ እህቴ። እውነት እልሻለሁ፣ እናታችን ብትሰማኝ ታፍርብኝ ነበር። ጩኸቴን ሰምቶ ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ሆልስተድ ወጣና ሁላችንንም ወደ ማሳያው አዳራሽ አስገባን። ቢሮው ውስጥ ቢያስገባን ምን ነበረበት? አላደረገውም። እዚያው ሰው መሀል አቆመን። ወንበር የሚሞክሩ ባልና ሚስት ነበሩ፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት ነበረች፣ ኬንድራ ከመቀበያው ጠረጴዛ ላይ ተንጠራርታ ታያለች።

ሚስተር ሆልስተድ በጣም ትሑት ሰው ነው። ትሕትናው እንደ ዘይት ይንጠባጠባል። «እመቤት፣ ባለቤትዎ አዋቂ ሰው ናቸው። በስልክ ደጋግመን ጠይቀናቸዋል፣ እሺ ብለዋል። በእግራቸው መጥተው ፈርመዋል። የእሳቸውን ቃል የማንቀበልበት ምክንያት ካለ ግን አሁኑኑ ይንገሩን። ውሉን በሙሉ እንሰርዘዋለን፣ ገንዘባችሁንም እንመልሳለን። ምክንያት አለ?» አለኝ።

እንግዲህ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ከውሉ እወጣለሁ። ኤልደን አጠገቤ ቆሟል። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ለሚስተር ሆልስተድ ያንን ሰሞኑን የለመደውን ፈገግታ እያሳየ፣ ንግግሩ ወዴት እንደሚሄድ ለመከተል ዓይኑን ከአንዳችን ወደ ሌላችን ያመላልሳል።

ልጅሽን አየሁት። ይደነግጣል፣ «ምን ምክንያት ይኖራል?» ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልደነገጠም። መሬት መሬት እያየ ይጠብቃል። የምናገረውን ነገር አስቀድሞ ያወቀ ሰው አጠባበቅ ነው። እንደማልናገረውም ያወቀ።

እኔ ለማን ነገርኩ? ለሥራ ባልደረቦቼ አልነገርኩም፣ ለፓስተሩ አልነገርኩም። ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩት። ባለፈው የምስጋና በዓል ወንዶቹ ሳሎን ኳስ ሲያዩ፣ አንቺ ሳህን ስታጥቢ እኔ ሳደርቅ። ሳሙና በነካው እጅሽ አንገቴን አቅፈሽ «ከእኔ አያልፍም» አልሽኝ። ከሰዓት በፊት ቤት እንደማልኖር፣ ጠዋት የሰማውን ማታ እንደማያነሳ፣ ሰው እንዳያዝንበት ሲል ለሁሉም ነገር እሺ እንደሚል፣ ልጅሽ ከየት አመጣው? ክፋት አስበሽ ነው አልልም። ምናልባት አዝነሽልን ነው ያወራሽው። ኀዘንሽ ግን በእጁ መሣሪያ ሆነለት።

ሚስተር ሆልስተድን «ምንም ምክንያት የለም። ባለቤቴ እሺ ካለ እሺ ብሏል» አልኩት።

ኤልደን ደረቱን ነፋ አደረገ። «እኔ ቃሌን አላጥፍም። ወተት አመላልስ በነበረ ጊዜም አንድ ገበሬ እንኳ ኤልደን ቃሉን በላ ብሎኝ አያውቅም» አለ። ለሁሉም እጁን ዘረጋ፣ ሁሉም ጨበጡት። ከልጅሽ ዘንድ ሲደርስ ትከሻውን መታ መታ አደረገና «ጎበዝ ልጅ ነህ፣ ደስ ትላለህ። የማን ልጅ ነህ?» አለው።

ሚስተር ሆልስተድ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሱስ እንግዳ ሰው ነው፣ አያውቅም። ኮልቢም ሳቀ። «አጎቴ እኮ ጨዋታ አዋቂ ነው» አለ። ያ የሳቀበት ሰው ወንዝ ዳር ዓሣ ማጥመድ ያስተማረው፣ አባቱ ሥራ በዝቶበት የቀረበትን የትምህርት ቤት በዓል ሁሉ በወተት መኪናው እየበረረ የደረሰለት ነው። መኪናዋን ይቅር ማለት ይቻል ይሆናል። ሳቁን አልችልም።

ያቺን ዘንዶ ይዤ ወጣሁ። በሩ አጠገብ «ደንበኛችን ቤተሰባችን ነው» የሚል ሰሌዳ አለ፤ ስታጠፍ በጅራቷ ገጭቼ ጣልኩት። ሆን ብዬ አይደለም። በመስታወት ሲወድቅ ሳየው ግን ፍሬን አልያዝኩም።

ዋናው መንገድ ላይ ከገባን በኋላ ኤልደን ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ «ልትነግሪያቸው ይገባ ነበር» አለኝ። ምኑን ነው የምነግራቸው አልኩት። «አንቺም እኔም የምናውቀውን ነዋ» አለ። ትልቅ የጭነት መኪና እያለፈን ነበርና «ቀኝሽን ያዢ፣ ይቺ ሰፊ ናት» አለኝ። ቀኜን ያዝኩ።

መልእክት ትተሽልኝ ሰምቻለሁ። ልጁ ተጨንቆ ነው፣ ሚስቱ እርጉዝ ናት፣ ትልቋን ካልሸጠ ከሥራ እንደሚያባርሩት ነግረውት ነበር ብለሻል። ይሆናል። ቢነግረኝ ኖሮ አክስቱ አይደለሁም? «አክስቴ፣ ልባረር ነው፣ እባክሽ ትልቋን ውሰጂልኝ» ቢለኝ ኖሮ ምን እንደምለው አንቺ ታውቂያለሽ። እሱ ግን እኔን መለመን ከብዶት ባሌን ማታለል ቀለለው።

እኛ ቤቱን አከራይተን ወደ ደቡብ ወርደናል። የት እንደሆንን አልጽፍልሽም። በመኪናዋ ውስጥ ያሉትን በሮች በሙሉ ነቅዬ ጋራዥ አስቀምጫቸዋለሁ፤ አሁን ማታ ተነስቶ የሚሳሳተው ነገር የለም። ለምስጋና በዓል አትጠብቂን። ፓስተሩንም ለእርቅ እንዳትልኪብኝ፤ መጥቶ ነገሩ ምንድን ነው ቢለኝ የምነግረው አይኖረኝም፣ ምክንያቱን ታውቂያለሽ።

የልጅሽን ሚስት በሰላም ይገላግላት። የሚወለደውን እግዚአብሔር ያሳድግላቸው፤ አያቶቹ ሲያረጁ የማይስቅባቸው ያድርገው። አንቺንም ከሳልሽ ይማርሽ፣ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ አፍሽን ደግሞ ይጠብቅልሽ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ እህትሽ መሆኔ የሚቀርልኝ ነገር አይደለም።

ኤልደን አሁን ከውጭ ገብቶ አጠገቤ ተቀምጧል። ለማን ነው የምትጽፊው አለኝ። ለእህቴ አልኩት። ትንሽ አሰበና «ደግ ሴት ናት። ሰላም በይልኝ» አለኝ።

ሰላም ብሎሻል። ደግ ናት ያለውን አላረምኩትም።

ታላቅ እህትሽ