ትከሻ ያላዋጣ ቤት

ውድ ወንድሜ ጌታሰው፣

ሰላምታዬ ጅዳ ድረስ ይድረስህ። በስልክ ልነግርህ አፌ እምቢ ስላለኝ ነው የምጽፍልህ። አባባን የአንድ ቀን ሕመም ወሰዳቸው ያልኩህ ውሸት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሆዳቸውን ይዘው ሲያቃስቱ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።

አገሩን ታውቀዋለህ። አምቡላንስ ከወረዳችን ከተማ ከጽጽቃ አያልፍም፤ እስከዚያ የአራት ሰዓት መንገድ በቃሬዛ ነው። ቃሬዛ ደግሞ ከየቤቱ አንድ ትከሻ ይፈልጋል። አንተ ከሄድክ ወዲህ የእኛ ቤት ትከሻ አላዋጣም። ሰው ሲታመም አባባ በዘንጋቸው ተደግፈው እስከ አፋፉ ይሸኙና አንገታቸውን ደፍተው ይመለሱ ነበር።

ጎረቤት ልጥራ ስላቸው፣ "እኛ ማንን ተሸከምንና ነው የሚሸከሙን? ተይው፣ ያልፋል" አሉኝ። እኔም ተውኩት። ኩራታቸውን የወረስኩ እኔ ነኛ።

በሦስተኛው ቀን ድምፃቸው ሲጠፋ ወደ ጎረቤታችን ወደ ደግሰው ሮጥኩ። ወዲያው ቃሬዛውን ከግድግዳ አውርዶ ተጣራ፤ ከየቤቱ ሽማግሌውና ሴቱ ወጣ። ወጣቱማ እንዳንተው ሄዷል። እኔም ተሸከምኩ፤ ትከሻዬ እስካሁን አልዳነም።

ከጽጽቃ በአምቡላንስ ሰቆጣ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ሐኪሟ ሆዳቸውን ዳሰሰች። አንጀታቸው ተጠማዝዞ ቀናት አልፎታል፣ በመጀመሪያው ቀን ቢመጡ ኖሮ ይድኑ ነበር አለችኝ። ለምን ዘገያችሁ ስትለኝ መንገዱ ነው አልኳት። እፍረታችንን ለማላውቃት ሰው እንዴት ልናገር? ለኦፕራሲዮን ሲዘጋጁ አረፉ።

በለቅሶው ደግሰው አጠገቤ ተቀምጦ፣ "አያ ካሤ በጉልበታቸው ዘመን ስንቱን ተሸክመዋል። ማን ትከሻ ቆጠረባችሁ?" አለኝ። ይህ ቃል ከሞታቸው ብሶ ያቃጥለኛል። አሁን ለአንድ ሰው እሳት አነድዳለሁ፤ የማወራው ከፍየሎቹ ጋር ነው። እንዲህ ብቸኛ እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ባለፈው ስትደውል ሳልህን ሰማሁ። ብርድ ነው አልከኝ። ወረቀት ስለሌለህ ሐኪም ቤት ትፈራለህ፤ አብረውህ ያሉትንም ማስቸገር ታፍራለህ። የማን ልጅ እንደሆንክ አውቃለሁ። ጌታሰው፣ ዛሬውኑ አንዱን ጠርተህ አሞኛል በለው። እዚያ ድረስ የሚደርስ ትከሻ የለኝም።

እህትህ ለተጊዮርጊስ
ከዝቋላ