የኮርቻው ቁመት

ሰበታ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለሶያማ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልህ። ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ።

ስልክህ ከተዘጋ ሦስት ወሩ ነው። ስለዚህ ይህን ወረቀት ወርቅ ፍለጋ ወደሄድክበት ወደ ሻኪሶ ለሚመላለሰው ሹፌር፣ ለተሾመ ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤ አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ስቆጣ ጆሮዬ ላይ አይዘጋም።

ሳይክላችን «ተሰረቀ» ካልከኝ ወዲህ ለጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ፈረቃ ፋብሪካ የምደርሰው ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሬ ኳትኜ ነው። ሁለቴ አርፍጄ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል፤ ሦስተኛው ስንብት ነው። በየእሑዱ ቸርች ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ የዚያን ሌባ እግር ስበርልኝ» እያልኩ እጸልይ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ዕቁብ ወጣልኝና አሮጌ ሳይክል ወደሚሸጡት ወደ ኦቦ ነገሳ፣ ቡራዩ ድረስ ሄድኩ። በራቸው ላይ ምን ቆሞ ባገኝ ጥሩ ነው? የእኛው ሳይክል! ኮርቻው ላይ በቀይ ክር የሰፋሁት ጨርቅ እንኳ አልወለቀም። «የሌባ ተቀባይ!» ብዬ ሰው ሰበሰብኩባቸው። ሽማግሌው ሳይቆጡ የሽያጭ ወረቀት አወጡልኝ። ፊርማው የአንተ፣ የመታወቂያው ኮፒም የአንተ፣ ቀኑም ከመሄድህ ሳምንት በፊት ነው።

አታፍርም? መሳፈሪያ ቸገረኝ ብትለኝ ቀለበቴን እሸጥልህ አልነበር? ጭራሽ አብረኸኝ በየቤቱ እያንኳኳህ ሌባ ፈለግህ! ጸሎቱን መልሼ ወስጃለሁ፤ እግርህ ደህና ይሁን። ቁጣዬን ግን አልመለስኩም።

ኦቦ ነገሳ አዝነውልኝ «አይዞሽ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ነሽ፤ በገዛሁበት ዋጋ ውሰጂው» አሉኝ። ወጥቼበት አንድ ዙር ነዳሁ። «ምን ያንጠለጥልሻል? ዳሌሽን አያምሽም?» አሉ። አራት ዓመት ሙሉ ያመኛል! ኮርቻው በአንተ ቁመት ነበር። ከፈረቃ ስመለስ አንተ ስለምትወስደው፣ ፔዳሉን በጣቴ ጫፍ እየረገጥኩ ነው የኖርኩት። ዝቅ ማድረጉ በመፍቻ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው አሉ። አንድ ቀን «ላውርድልሽ» ብለኸኝ ታውቃለህ? እኔስ አፍ አልነበረኝም? በራሴም ተናደድኩ። መፍቻውን ሲያነሱ «ይተዉት፣ ይሄንን ሁለተኛ አልቀመጥበትም» አልኳቸው።

ማርሽ ያለው፣ የሚያብለጨልጭ ሳይክል አመጡልኝ። ያ ደግሞ ተጎንብሶ ነው የሚነዳው። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ጎንብሼ መንገድ ላይም ልጎንበስ? ዋጋውም ከዕቁቤ በላይ ነው። ሦስተኛዋ ቀለሟ የለቀቀ፣ መሀል ላይ ብረት የሌላት፣ ኮርቻዋ የሰፋ ናት። ቀሚሴን ሳልሰበስብ ወጣሁባት፣ ወገቤም ቀና አለ። ፍሬኗ ይጮሃል። ይጩህ፣ እኔም እጮሃለሁ።

ችግሯ ኮርቻውን የተሸከመው ዘንግ መርዘሙ ነው፤ እስከ መጨረሻው ወደ ታች ቢገፋም እግሬ ፔዳሉ ጋ አልደርስ አለ። አጭር ዘንግ የምገዛበት ብር አልተረፈኝም። «ዘንጉን በሴጌቶ፣ በብረት መጋዝ፣ በነጻ እቆርጥልሻለሁ፤ ግን አስቢበት» አሉ ኦቦ ነገሳ። «ከተቆረጠ በኋላ ረጅም ሰው አይነዳትም።»

አንተን አሰብኩ። ጉልበትህ ከመሪው ጋር ሲጋጭ ታየኝ። «ይቁረጡት!» አልኩ። መጋዙ ብረቱን ሲበላው ቆሜ አየሁ። ደስ አለኝ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ዛሬ በሰዓቱ ገባሁ። ዳሌዬንም አላመመኝም። የሰፈር ሰው «ባልሽ ገዝቶልሽ ነው?» ሲለኝ «ባሌማ የሚያውቀው መሸጥ ነው» እላለሁ። ስምህን አጥፍታለች ቢሉህ እውነት ነው።

እዚያ ያለው ጉድጓድ ይናዳል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ዝናብ በጣለ ማግስት አትግባ። ምግብ አትዝለል። የሰማይ አምላክ ከላይህም ከሥርህም ይጠብቅህ።

እስካሁን ሚስትህ የሆነችው፣
ብዙነሽ

የተቆረጠውን ብረት ቤት አምጥቼዋለሁ። ኦቦ ነገሳን «ተመልሶ ይበየዳል?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ይበየዳል፤ ግን በግምት አልሠራም። ሰውዬው ራሱ ይምጣና ልኩን ልየው» ብለዋል።