ፍሬኑ ያልያዘው ሞተር

ወልዴ፣ የልጄ አባት፤

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። እኛ አለን። የቡታጅራውን ቤት ለቅቄ ቡኢ አባቴ ግቢ ገብቻለሁ። ልጃችን አስካለ ጥርሷን መንቀል ጀምራለች። እናትህም ከኛ ጋር ናት፤ ዘንድሮ እንሰቱን አብረን ፍቀን ጉድጓድ ከተትን።

ይህን የምጽፍልህ ግን የቤት ወሬ ላወራህ ብቻ አይደለም። ስለ አንተ የተጻፈ ውሸት አለ፤ እውነቱም በእኔ እጅ ተጽፎ ይቀመጥ ብዬ ነው።

ጣሊያኖቹ መካኒክ መሆንህን ሰምተው በግድ ሲወስዱህ ጋራዣቸው ውስጥ ሁለት ሞተር ብስክሌት ነበር። አንዱ ረጅምና ከባድ፣ ባለ ሁለት እግር። ሌላው በጎኑ የሰው መቀመጫ ጋሪ የተገጠመለት ባለ ሦስት እግር። ከቡታጅራ ቡኢ ደብዳቤ አመላላሽ አደረጉህ። እሑድ እሑድ ደጃችን ተቀምጠህ ስለ ሁለቱ ታወራኝ ነበር። እኔ የቄስ ልጅ ስለ ሞተር ምን አውቄ! መሬት ላይ በጣትህ እየሳልህ አስረዳኸኝ። ባለ ሦስት እግሩ ጭቃ ላይ አይወድቅም፤ ጋሪው ባዶ ከሆነ ግን መታጠፊያ ላይ ተነሥቶ ይገለብጣል፤ ስለዚህ ድንጋይ ይጫንበታል አልኸኝ። ባለ ሁለት እግሩ በበጋ ጥሩ ነው፤ በክረምት አንዴ ከተንሸራተተ ግን ያን ክብደት የሰው እግር አይመልሰውም።

"ታዲያ የቱ ይሻላል?" ብዬ ጠየቅሁህ።

ሳቅህና "ፍሬኑ የሚይዘው" አልኸኝ።

የረጅሙ ፍሬን አልቆ ነበር። ለጣሊያኑ መኮንን ሦስት ጊዜ ነገርኸው። በክረምቱ ባለ ሦስት እግሩን ስጠኝ ብትለው፣ እሱ የእኔ መንሸራሸሪያ ነው አለህ። በፍልሰታ ጾም፣ ዓርብ ጠዋት፣ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ በዝናብ ሰደዱህ። ቡኢ ልትገባ ስትል ያለው ቁልቁለት ላይ ቀረህ። ገበሬዎች በቃሬዛ አመጡህ። የፍሬኑ እጀታ ተሰብሮ በጭብጥህ ውስጥ ነበር። ያን ያህል ጨምቀኸዋል። ጣቶችህን ፈልቅቄ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

በሠልስትህ ማግሥት መኮንኑ አስጠራኝ። አስተርጓሚው ወረቀቱን አነበበልኝ። ጠጥቶ ነበር፣ መንዳትም አይችልም፣ ሞተሩ ምንም እንከን የለበትም ይላል።

"በጣትሽ ፈርሚና ሂጂ" አለኝ አስተርጓሚው፣ ቀለሙን እየገፋልኝ።

"መጻፍ እችላለሁ፤ ብዕር ስጡኝ" አልሁ።

ተሳሳቁና ሰጡኝ። ከሥሩ ጻፍሁበት። "ባሌ ጾመኛ ነበር። ፍሬኑ አይሠራም ነበር። ይህንንም ሦስት ጊዜ ተናግሯል።" አስተርጓሚው ሲያነበው ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"እህቴ፣ ይህን እንዴት ብዬ ልንገረው?"

"እንደ ተጻፈው" አልሁት።

አሰሩኝ። እናትህ አስካለን እጇን ይዛ በየቀኑ ቆጮ ታመጣልኝ ነበር። ጎረቤት ሁሉ "ልጅ አለሽ፣ ፈርሚና ውጪ" ሲለኝ እሷ አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ "በርቺ" ብቻ አለችኝ። ያለ እሷ አልችለውም ነበር። በመጨረሻ ሰልችቷቸው ለቀቁኝ። ቤታችንን ግን ወሰዱት። ይውሰዱት። ፊርማዬን አላገኙም።

ከዚያ በኋላ ያንኑ ሞተር የሚነዳ ሰው ከወልቂጤ አመጡ። ሰውየው ቡኢ ድረስ በእግሩ ወደ እኔ መጣ። "እመቤት፣ ባልሽን የገደለው ምንድን ነው? እውነቱን ንገሪኝ፤ እኔም ቤተሰብ አለኝ" አለኝ። ስለ ጭቃው፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ፍሬኑ ያስተማርኸኝን አንድ ሳላስቀር ነገርሁት። በማግሥቱ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ፍሬኑ ካልተቀየረ አልነዳም አለ። ገረፉት። አልተነሣም። እንደገና ገረፉት። ደብዳቤው ሲከማችባቸው ሞተሩን ፈትተው ፍሬኑን ቀየሩለት። ይኸው አሁን በደጃችን ያልፋል፤ ቁልቁለቱ ጋ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ዝግ ሲል እሰማለሁ። የዚያን ቀን አንተም ፍሬኑ ተቀይሮልህ በሰላም መመለስ ትችል ነበር። ይህን አልረሳላቸውም።

ዛሬም እዚሁ ናቸው፤ እኔም እዚሁ ነኝ። ጠጥቶ ነው የሞተው የሚለኝን ሁሉ፣ ጣሊያንም ይሁን የሀገሬ ሰው፣ ፊት ለፊት ቆሜ ዋሸህ እለዋለሁ። አስካለን ፊደል አስጀምሬአታለሁ። ቆጥራ ስትጨርስ መጀመሪያ የማስጽፋት ያንተን ስም ነው።

ሚስትህ፣ ብርቄ