ቦት ብዬ ያባረርኳት ሴት

መጋቢት 3

አለቃዬ ዛሬ ሥራ ሰጠችኝ። አለቃዬ ማለት የልጅ ልጄ ናት፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የተሾመችብኝ። መራመድ ላቃተው ሰው ዊልቸር የሚያውስ ድረ ገጽ አላት። ሰው ይገባል፣ ያነባል፣ መልእክት ይጽፋል፣ በጎን ማስታወቂያ ያያል። ወንበሩ የሚገዛው በማስታወቂያው ገንዘብ ነው።

"ችግሩ ቦት ነው፣ አባባ።"

"ቦት ደግሞ የማን ልጅ ነው?"

"ሰው መስሎ የሚገባ ፕሮግራም ነው። ማስታወቂያ ሰጪዎቹ በዛባችሁ፣ የምንከፍለው ሰው እንዲያየን ነው ብለውናል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልቀነሰ ጥለውን ይሄዳሉ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ወንበርም የለ፣ ጎማም የለ።"

አርባ ዓመት ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ያለ ትኬት የሚሾልከውን ገና በአረማመዱ ነው የማውቀው። "ለእኔ ተይው" አልኳት። ሳቀች... ምኑ ነው የሚያስቃት?

መጋቢት 5

ሃያ ሦስት አባረርኩ። አንዱ ስለ ዊልቸር በተጻፈው ሥር የሩጫ ጫማ ቅናሽ ይለፍፋል። አይ አለማፈር! ሌላው "ድንቅ ጽሑፍ ነው ወንድሜ" ይላል። በስተርጅና ወንድም አገኘሁ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ያንኑ አሥር ቦታ ጽፎት አገኘሁ።

መጋቢት 8

አንዲት አለች። በየቀኑ፣ ልክ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ "ደህና አድሬያለሁ።" ሌላ ቃል የላትም። ሰው ሆኖ ሁልጊዜ ደህና የሚያድር የታለ? እኔ በሳምንት ሁለት ቀን ቢሳካልኝ ነው። አገድኳት። ለአለቃዬ አልነገርኳትም፤ በወሩ መጨረሻ ቁጥሩን አይታ ትደነቅ ብዬ።

መጋቢት 9

ዝናብ። ጉልበቴ። አሥራ አንድ ቦት።

መጋቢት 11

በገጹ ግርጌ ባለው ቁጥር ተደወለ። አነሳሁት። የደከመ የወንድ ድምፅ።

"የእናቴን መልእክት ማነው ያጠፋው?"

"የትኛዋ እናት?"

"'ደህና አድሬያለሁ' የምትለው።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። 

የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እናቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ስትሮክ ከመታት ወዲህ ብቻዋን ናት፣ የተቀመጠችውም በእኛው ወንበር ላይ ነው። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ፣ አንዴ ስትነካው ያችን ቃል ገጹ ላይ የሚጽፍ ቁልፍ ስልኳ ላይ ሠራላት። እሱ ከደረሰበት ሆኖ ከፍቶ ያያል። ሲደውልላት አታነሳም። መሪ ይዞ የሚያወራ ልጅ አልወለድኩም ትላለች አሉ።

"ሁለት ቀን ስትጠፋብኝ ጭነቱን መንገድ ላይ ጥዬ ተመለስኩ። በሩን ልሰብር ስል ከፈተችልኝ። 'ጭነቱስ?' ነው ያለችኝ፣ አባቴ።"

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቦት መስላኝ ነው።"

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። "ከሥራ ቢያባርሩኝ እሷን ማን ያያታል?" ብቻ አለ።

ምሳ አልበላሁም።

መጋቢት 12

ለአለቃዬ ተናዘዝኩ። ትጮህብኛለች ስል አቀፈችኝ። ይሄ ይባስ። እገዳውን አነሳችና፣ "ግን የማስታወቂያ ሰጪዎቹም ማሽን እንደ እርስዎ ነው የሚያስበው፣ አባባ። በየቀኑ አንድ ዓይነት ቃል ካየ ቦት ነሽ ይላታል" አለችኝ።

ለሹፌሩ ኃላፊ ደወልኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ። ተቆጥቶ ተቆጥቶ፣ ለዛሬ ምሬዋለሁ አለ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ። ቤቷ ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ ነው... ስንት ጊዜ በደጇ አልፌያለሁ?

"ያባረሩኝ በረኛ እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ። ይቅርታዎን።"

"በሰባ ስድስት ዓመቴ ብዙ ስም ወጥቶልኛል። ቦት ያለኝ ግን የለም። ይቀመጡ እንጂ።"

ተስማማን። ልጇ ያችን ቁልፍ ወደ እኔ ስልክ አዞራት። ጠዋት ስትነካው ወደ እኔ ይደወላል፣ ያለችውን በስሟ ገጹ ላይ እጽፋለሁ፤ በየቀኑ የተለየ።

መጋቢት 20

"አንተ" ካለችኝ ሦስት ቀን ሆነ። የዛሬው፦ "ደህና አድሬያለሁ። ትናንት መርፌዬ ወድቆ ያነሳልኛል ያልኩት ሽማግሌ፣ አጎንብሶ መነሣት አቃተው።"

"ይሄንንስ አልጽፍም።"

"ጻፍ። መልእክቱ የእኔ ነው።"

ጻፍኩ። ልጇ የት እንደደረሰ እንጃ፣ ከሥሩ ሳቁን ልኳል።

መጋቢት 30

ትናንት ማስታወቂያ ሰጪዎቹ እንቆያለን አሉ። አለቃዬ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችልኝ።

ዛሬ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነ፤ ስልኩ ዝም። ከሃያ፤ ዝም። ከሃያ አምስት ሲል ጫማዬን አደረግኩ። የቤታችን ደረጃ አጋማሽ ላይ ስደርስ ስልኩ ጮኸ።

"እንቅልፍ ጥሎኝ ነው" አለች።

"እኔም ገና መንቃቴ ነው።"

"ታዲያ ለምን ታለከልካለህ?"

"ማን፣ እኔ?"

 ቀስ ብላ፣ "ጻፍ" አለች። "ደህና አድሬያለሁ። አንድ ሰው ሊያየኝ እየመጣ ነው።"

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ከዚያ ወረድኩ። ጫማው ከተደረገ አይቀር።