የመጽሔቱ ስህተት

ስዋንሲ፣ እሁድ ከሰዓት

ለውድ ወንድሜ ኤምሊን፣

በየትኛውም ወደብ ብትሆን ይህ ደብዳቤ በደህና ያግኝህ። እኛ ዝናቡ ቢያስመርረንም ደህና ነን።

አባባ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም ኮምፒውተር ገዛ! ጨዋታው መጽሔት ላይ በፊደልና በቁጥር ታትሞ ይወጣል፤ እሱ እየተገለበጠ ነው የሚጻፍበት። አባባ ቁጥሩን ያነብልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ትናንት ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈን አልሠራ አለ።

«መጽሔቱ ነው የተሳሳተው! እነዚህ ደነዞች!» ብሎ ጮኸ።

በኋላ ሳየው ስምንቱን ሁሉ ሦስት እያለ ነበር ያነበበልኝ። ሳልነግረው አስተካከልኩት።

ዛሬ ደግሞ «አንቺ አንብቢ፤ ጣቶቼ ለምደውታል» አለኝ። እውነትም አንዲት ፊደል አልሳተም። የጨዋታው ትንሽ መርከብ መንቀሳቀስ ስትጀምር ወደ ቴሌቪዥኑ ጥግት ብሎ «ኤምሊን መጣ!» እያለ ጎረቤት እስኪሰማ ሳቀ። ጨዋታውን በካሴት ቀድተን አስቀምጠንልሃል።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች። መልስ ስትጽፍ ፊደሉን ተለቅ አድርገው፤ ያንተን ደብዳቤ አባባ ራሱ ማንበብ ነው የሚወደው።

እህትህ ኔሪስ